ቀኑ ትክክል ነበር

ኮምፒውተሩ ቤታችን የገባው በሁለት ኩሊዎች ትከሻ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። በዲጋ መንገድ ባለ አንድ ክሊኒክ ለዓመታት የሠራች ፈረንጅ ነርስ ጊዜዋ አልቆ ወደ አገሯ ስትመለስ ለአባቴ ትታለት ሄደች። ኦሮምኛ ያስተማራት እሱ ነበር። ማሽኑ ያኔም ያረጀ ነው። ሽፋኑ ቢጫ ሆኗል፣ ከኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች ወልቀዋል፣ ሲበራ ደግሞ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ዘመኑ የደርግ ነውና አባቴ በማግስቱ ቀበሌ ሄዶ አስመዘገበው። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ዕቃ አይቶ ስለማያውቅ ብዙ ካሰበ በኋላ "የጽሕፈት መኪና፣ ቴሌቪዥን ያለው" ብሎ መዝገቡ ላይ አሰፈረው። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ከሳቁ የተነሳ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በኩል ባለችው ቤታችን የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ እኔ ከተማው ውስጥ ታይፕ አስተምር ነበር። አባቴ ተመድቦ ባስተማረባቸው የወለጋ ከተሞች ሁሉ የኦሮምኛ ቃላት ሲለቅም ኖሯል። ቃላቱን በአማርኛ ፊደል የጻፈባቸው ደብተሮች አንድ ሳጥን ሞልተው ነበር። የከብት መልክ ብቻ ስንት ገጽ ይዟል፤ ዳለቻ፣ ቦራ፣ መጋላ እያለ ይቀጥላል። እነዚህን ሁሉ በተራ አስይዞ መዝገበ ቃላት ማድረግ ይመኝ ነበር። ደብተር ላይ አንድ ቃል መሃል ለማስገባት ገጹን በሙሉ እንደገና መገልበጥ ግድ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ለአዲሱ ቃል ቦታ ይለቅለታል። አባቴ ይህን ያየ ቀን እንደ ልጅ አጨበጨበ።

ችግሩ ማሽኑ ከላቲን ፊደል በቀር ሌላ አያውቅም። ኦሮምኛን በላቲን መጻፍ ደግሞ በዚያን ጊዜ በመንግሥት ዓይን የጠላት ሥራ ነው። አባቴ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሁለት ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና፣

"ምን ላድርግ ኢንተለ ኮ፣" አለኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው። "የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። በሚያውቀው እንጻፍና ሲያልቅ ወደ አማርኛ ፊደል እንመልሰዋለን። ከዚህ ቤት እስካልወጣ ማን ያየዋል?"

ከሥራ ስመለስ እሱ ቃላቱን ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ዓይኑ ስለደከመ ስክሪኑ ላይ ያለውን አያነብም፤ የሚተማመነው በእኔ ነበር።

እንዲህ ስንሠራ ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ባበራው አልነሳም አለ። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ፣ ዲስክ የለም የሚል ጽሑፍ ቆሟል። ቀኑን ደግሞ የመጀመሪያው ወር፣ የመጀመሪያው ቀን፣ 1980 ብሎታል።

"ዓመቱንስ አውቆታል፣" አለ አባቴ። እኛ በዚያ ሰሞን ሰማንያ ላይ ነበርን። በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንና ማሽኑ ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሄደ ሳስረዳው ፊቱ ተለወጠ። "ታዲያ የጻፍነውስ?" አለኝ። አለቀስኩ።

አባቴ ወዲያው ያስጠራው አንድ የድሮ ተማሪውን ነው። ይህ ሰው ከአርጆ አካባቢ የመጣ፣ ወላጆቹ በልጅነቱ የሞቱበት፣ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ እኛ ቤት ያደገ ነው። እናቴ ልብሱን አጥባለታለች፤ አባቴ ማታ ማታ አስጠንቶታል። ከዚያ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ሶሻሊስት አገር ሲሄድ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ተመልሶ ነቀምቴ የፊዚክስ መምህር ሲሆን እኔም አድጌ ጠበቅሁት። ከአባቴ ጋር ሁልጊዜ የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። አባቴ ኢልመ ኮ፣ ልጄ ይለዋል። ከእኔ ጋር በአማርኛም በኦሮምኛም እንቀላቅል ነበር፤ ወንድሜ ብዬው ግን አላውቅም። ለምን እንደማልለው አባቴም ሳይገባው የቀረ አይመስለኝም።

መጣና በጠመንጃ መፍቻው ሽፋኑን ከፈተ። ከውስጥ በፕላስቲክ የተያዙ አራት የባትሪ ድንጋዮች አወጣ፤ ዝገው፣ ውኃ አንጠባጥበዋል።

"የጻፋችሁት አልጠፋም፣" አለን። "ማሽኑ መብራት ሲጠፋበት ቀኑንና የዲስኩን ዓይነት የሚያስታውሰው በእነዚህ ነው። ድንጋዩ ሲሞት ሁሉንም ይረሳል። ዲስኩ እዚያው አለ፤ ማሽኑ ግን እንዳለው አያውቅም።"

ቁልቁል ከገበያው አጠገብ ካለው የጉራጌው ነጋዴ ሱቅ አራት ድንጋይ ይዤ ስመጣ አስገባቸው። ማሽኑ ሲነሳ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የዲስክ ዓይነት የሚሞላበት ገጽ ወጣ። ቀኑን ጻፈ። በዲስኩ ቦታ ላይ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ሲሞክር ቆይቶ አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ ማሽኑ አጉረመረመና ቃሎቻችን ብቅ አሉ። አባቴ አንገቱን አቅፎ ሳመው።

"አንቺ ይህን ገጽ እንዳትነኪ፣" አለኝ እሱ። "አንድ ቁጥር ከተሳሳትሽ ሁሉም ይበላሻል። ሲያስቸግራችሁ እኔን ጥሩኝ።"

እሺ አልኩ። ግን ያየሁትን ሁሉ የመጻፍ ልማድ ስላለኝ የማስተምርበት ደብተር ጀርባ ላይ የገጹን ቁጥሮች በሙሉ ገልብጬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ በየጊዜው ይታመም ጀመር። ሁለት ሳምንት ይሠራል፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ዲስክ የለም ይላል። እሱን እንጠራዋለን፤ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ይመጣል። "ይኼ ጊዜ ይወስዳል፣ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ፣" ይለንና በሩን ገርበብ አድርጎ ብቻውን ይቀመጣል። አንዳንዴ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይቆያል። ሲወጣ ላብ በላብ ሆኖ ነው። አሮጌዎቹን ድንጋዮች ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ "አልቀው ነው፤ አሮጌ ማሽን ድንጋይ ይበላል፣" ይለናል። አብረን እንበላለን። አባቴ የአዳዲስ ቃላቱን ፍቺ ይጠይቀዋል፤ እሱም በአርጆ እንዲህ ነው የሚባለው እያለ ያርመዋል። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ሲበላሽ እኔ መናደድ ትቼ ነበር። ይመጣል በሚባልበት ቀን ጸጉሬን እሠራለሁ፤ ለገና በዓል የገዛሁትን ሹራብ እለብሳለሁ። አባቴ አንድ ቀን ፈገግታውን ሸሸግ አድርጎ፣ "ማሽኑ አሮጌ መሆኑ ለአንዳንዱ ሰው ጠቅሟል፣" አለኝ። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ለተጠባባቂ የሚሆን ድንጋይ ለአምስተኛ ጊዜ ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ ሳቀብኝ።

"አንቺ ልጅ፣ በቀደም አይደል እንዴ የወሰድሽው? ሬዲዮናችሁ ቀንም ሌሊትም አያርፍም?"

"አልቀው ነው ጋሼ፣" ብዬ የተጣሉትን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት። ከባንኮኒው ሥር የእጅ ባትሪውን አውጥቶ ሁለቱን ከተተበትና ሲያበራው የሱቁ ጣሪያ ደመቀ። ሌሎቹን ሁለት ሞከራቸው፤ እነሱም እንዲሁ ናቸው።

"ይኼ'ኮ አዲስ ነው። ማነው ሞቷል ያለሽ?"

ሳልገዛ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ለእሱ ሰበብ ስፈልግለት መጣሁ። ለጥንቃቄ ብሎ ይሆናል የቀየራቸው፤ ወይም ማሽኑ ከእጅ ባትሪ የበለጠ ኃይል ይፈልግ ይሆናል አልኩ። ለአባቴ ምንም አልነገርኩትም።

የሚቀጥለው እሑድ እኛ ቤት ምሳ በላ። "እስቲ እንዴት እንደሆነ ልየው፣" ብሎ ማሽኑ ጋ ጥቂት ተቀምጦ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ባበራው ዲስክ የለም አለኝ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ዓይኔ ቀኑ ላይ አረፈ። ቀኑ ትክክል ነበር። ሰዓቱም ትክክል ነው፤ ከእጄ ሰዓት ጋር አስተያየሁት።

ቁጭ አልኩ። ድንጋዩ ሲሞት ሁሉንም ይረሳል ብሎ የነገረን እሱ ራሱ ነው። ቀኑን ካስታወሰ ድንጋዩ አልሞተም ማለት ነው። ደብተሬን አወጣሁና ሁለቱን ቁልፎች ተጫንኩ። ገጹ ወጣ። በደብተሬ አሥራ ሰባት የሚለው ስክሪኑ ላይ ሁለት ይላል፤ ከዚያች አንዲት ቁጥር በቀር ሁሉም እንዳለ ነው። አንድ ነገር ብቻ መርጦ የሚረሳ ማሽን የለም። የሰው እጅ ነው። አባቴ ኪቦርዱን እንኳ ለይቶ አያይም። እኔ አልነካሁትም።

ሁለት የሚለውን አጥፍቼ አሥራ ሰባት ጻፍኩ። ማሽኑ ተነሳ፤ ቃሎቻችን ሁሉ አሉ። ልቤ ግን አላመነም። ተሳስቶ ነው፣ እጁ አዳልጦት ነው የሚል ነገር አሁንም ውስጤ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን መልሼ ሁለት አደረግሁና፣ እንደ ወትሮው ተበላሽቷልና ና ብዬ ላክሁበት።

ከሰዓት በኋላ መጣ። አባቴ ጎረቤት ለቅሶ ሄዶ ነበር። በሩን እንደ ልማዱ ገርበብ አደረገ። እኔ ወደ ጓዳ የምሄድ መስዬ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። ሽፋኑን አልከፈተም፤ ድንጋዮቹንም አላያቸውም። ገጹን አውጥቶ አንድ ቁጥር መታ፤ ማሽኑ ወዲያው ተነሳ። ከዚያ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ጥቁር ስስ ዲስክ አወጣና ከታችኛው መክተቻ ውስጥ አስገባ። ማሽኑ እየተንጠቀጠቀ ቃሎቻችንን ወደ ዲስኩ ሲገለብጥ ሰማሁት። ረጅም ጊዜ ቆየ። ዲስኩን አውጥቶ ኪሱ ከከተተ በኋላ ሽፋኑን ፈቶ ድንጋዮቹን አወጣቸው።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

"ድንጋዩ ነው?" አልኩት።

"አዎ፣ አልቋል።"

"ቀኑ ግን ትክክል ነበር።"

መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አላየኝም። ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው አልኩት። ደግሜ ስጠይቀው በሹክሹክታ፣ "በየዓርቡ ይጠሩኛል፣" አለ። "ከውጭ ከመጣሁ ጀምሮ ነው። ማንን ታውቃለህ፣ እነማን ቤት ትገባለህ ይሉኛል። ያቺ ፈረንጅ ለጋሼ ማሽን መተዋን ቀድመው ሰምተዋል። እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ይልካሉ፤ እሱ ደግሞ ለጋሼ አያዝንም።"

"ስንት ጊዜ ነው ያበላሸኸው?"

"የመጀመሪያው ጊዜ የእውነት ተበላሽቶ ነው።"

"ሌላውስ?"

"ሌላውን እኔ ነኝ።"

ያ ሁሉ ቀን፣ ያ ሁሉ ምሳ፣ የሹራቤ ነገር ሳይቀር በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጣ። ለእኔ ትመጣ ነበር ወይ ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ያን ብጠይቀው የሚመልስልኝን ማመን እንደማልችል ገባኝ።

"ዲስኩን ስጠኝ፣" አልኩት።

"ባዶ እጄን ከሄድኩ ይጠረጥሩኛል። እስከ ዓርብ ታገሽኝ። ሽማግሌ ነው፣ የከብት ስም ነው የሚጽፈው ብዬ ጉዳዩን አስዘጋዋለሁ። ለጋሼ አትንገሪው፤ ይደነግጥና ሰው ያማክራል፣ ያኔ ሁላችንም አለቀልን። ከማሽኑም ምንም እንዳታጠፊ። ጠፍቶ ቢያገኙት የሚደብቁት ነገር ነበራቸው ነው የሚሉት።"

እሺ አልኩት። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ እሺ ማለቴ ነው። ማክሰኞ አባቴ ቃል ሲጠራልኝ ተቀምጬ ጻፍኩ። ረቡዕም ጻፍኩ። "ድምፅሽ ልክ አይደለም፣ አሞሻል?" አለኝ፤ ራሴን ነው አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት መጡ። አራት ነበሩ፤ ከውጭ ላንድሮቨር ቆሟል። ሌላ ዕቃ አልፈተሹም፤ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ነው የሄዱት። ማሽኑን አነሱ፤ የደብተሩን ሳጥን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡ። ሳጥኑ አልጋ ሥር መሆኑን ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባቴን ኮቱን እንዲደርብ ፈቀዱለትና ወሰዱት። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ "አትፍሪ፣ አስመዝግቤዋለሁ'ኮ፣" አለኝ።

የታሰረው አምስት ወር ነው። በየቀኑ ስንቅ ይዤ ሄድኩ፤ ባዶ ሳህን ተመልሶ ሲወጣልኝ በሕይወት መኖሩን አውቃለሁ። ምን እንደጠየቁት የነገረኝ ከተፈታ በኋላ ነው። በወረቀት የታተመ ዝርዝር ፊቱ አስቀምጠው፣ ቦራ ማነው፣ ዳለቻ የማን የትግል ስም ነው፣ መጋላ የሚኖረው የት ነው እያሉ ነበር የመረመሩት። የላም መልክ ነው ሲላቸው ጥፊ ያቀምሱታል። በመጨረሻ ገጠር ያደገ አንድ መርማሪ ከሌላ ከተማ መጥቶ ዝርዝሩን ሲያነብ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "እኒህ ሰውዬ የከብት ገበያ ነው የጻፉት፣" አላቸው። ከዚያ በኋላ መምታቱን ተዉት። በላቲን ፊደል መጻፉ ግን ጥፋት ሆኖ ቀረበት፤ ማሽኑም ደብተሮቹም አልተመለሱም።

የተፈታ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ሊል ግቢያችንን ሞላው። አመሻሹ ላይ እሱም መጣ። ሰው መሃል ሲገባ የያዝኩትን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሊስም ሲል አባቴ ጉልበቱን ሰብሰብ አደረገና እጁን ዘረጋለት።

"እንደምን ነዎት?" አለው በአማርኛ። "ይቀመጡ። ሥራ እንዴት ነው?"

ያሳደገውን ልጅ፣ በኦሮምኛ ኢልመ ኮ ሲለው የኖረውን፣ እርስዎ ብሎ ጠራው። ሰውየው ቆሞ ቀረ። አንድ ጎረቤት ወንበር ሳበለት፤ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። አባቴ ጤናውን ጠየቀው፣ የትምህርት ቤቱን ሁኔታ ጠየቀው፣ ሁሉንም በእርስዎ፣ እንደማያውቁት ሹም። የቀረበለትን ሻይ ሳይነካው ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት አልመጣም። በዓመቱ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ ሲሉ ሰማሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴን፣ "በሰው ፊት ልታዋርደው ፈልገህ ነው?" አልኩት።

"አይደለም፣" አለኝ። "ፈርቼው ነው። አንተ ልለው አፌ እምቢ አለኝ። ፊደል ያስቆጠርኩትን ልጅ ፈራሁት።" ከዚያም፣ "ዝርዝሩን ሳይ ነው ያወቅሁት። በወረቀት አትመነው አናውቅም። ማሽኑን ከእኔና ካንቺ ሌላ የሚነካው እሱ ነው፤ አንቺን ደግሞ አልጠረጥርም፣" አለ።

ያኔ መዋሸት እችል ነበር። ነገርኩት። ስለ ባለሱቁ የእጅ ባትሪ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ መጋረጃው፣ እስከ ዓርብ ታገሽኝ ስለማለቱ፣ ሁሉንም ነገርኩት።

"ሰኞ?" አለኝ። "ሰኞ አውቀሽ ሐሙስ ነው የወሰዱኝ?"

"አዎ አባባ።"

"ማክሰኞም ረቡዕም ስጠራልሽ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ለሁለት ሳምንት ያህል ምግብ ሳቀርብለት ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ እያለ ይበላል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበረንም። በእኔ ላይ የተፈጸመውን ክህደት ስቆጥር ኖሬ እሱ የእኔንም ከዚያው ጋር እንደሚቆጥረው ያን ጊዜ ገባኝ። የወደድኩትን ሰው ለማዳን ብዬ ነው ማለት አልቻልኩም፤ ያን ብልም እውነት ነው፣ ግን አያነጻኝም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ልወጣ ስል ጠራኝ። አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል።

"ማታ ስትመለሺ ደብተር ግዢ፣" አለኝ። "ባለ መስመሩን። እርሳስም። በጭንቅላቴ ያሉትን ሳልረሳ እናውጣቸው።"

"በየትኛው ፊደል?" አልኩት።

"በአማርኛው። በሌላው ልትጽፊ ብትፈልጊም እኔ አልፈልግም።"

የዚያን ቀን ማታ ጀመርን። እሱ ቃሉን ይጠራል፤ እኔ እጽፍና መልሼ አነብለታለሁ። አንዳንዱን ቃል ሁለቴ፣ ሦስቴ አንብቢው ይለኛል። ከኮምፒውተሩ ፊት ስንቀመጥ አንድም ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።